ያለ ሰው እጅ ሶፍትዌር መጫን

አንድ ኮምፒውተር ላይ «ኔክስት» እየተጫኑ ሶፍትዌር መጫን ማንንም አያስቸግርም። ኮምፒውተሮቹ ሁለት መቶ ሲሆኑ ግን አንዱ ላይ የሰዓት ክልሉ ይሳሳታል፣ ሌላው ላይ የቁልፍ ሰሌዳው ይዘነጋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው ይቀራል። የመፍትሔው መሠረት ጫኚው ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱን አስቀድሞ በፋይል ጽፎ ማቆየት ነው።

የመልስ ፋይሉ በየሲስተሙ ስሙ ይለያያል። ሳን ማይክሮሲስተምስ ለሶላሪስ «ጃምፕስታርት»ን፣ ሬድ ሃት ለሊኑክሱ «ኪክስታርት»ን አዘጋጁ፤ ዴቢያን «ፕሪሲድ» አለው። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ በኤክስኤምኤል የተጻፈ ፋይል ያነባል፤ ኡቡንቱ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው 20.04 እትሙ ያምልን መርጧል። ፒኤክስኢ የተባለው የኔትወርክ ማስነሻ ዘዴ ሲታከልበት ባዶ ኮምፒውተር በኔትወርክ ተነሥቶ ጫኚውንም መልሱንም ከሰርቨር ይወስዳል።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ፕሮግራሞቹ ሲጫኑ ነው።

የዴቢያንና የኡቡንቱ ጫኚ «አፕት» ገና ከመነሻው «አዎ» እንደተባለ እንዲቆጥር ሊታዘዝ ይችላል። ያ ግን የራሱን የ«ልቀጥል?» ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። የሰዓት ክልል መረጃ የያዘው ጥቅል ሲጫን «ዴብኮንፍ» የተባለው ሌላ ክፍል አህጉርና ከተማ ይጠይቃል፤ አፍሪካና አዲስ አበባ ብሎ የሚመርጥለት ሰው ከሌለ ጭነቱን የሚያካሂደው ስክሪፕት ባለበት ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ዴብኮንፍን ምንም እንዳይጠይቅ ማዘዝ፣ የሚፈለገውን ከተማም አስቀድሞ መሙላት የግድ ነው።

በዊንዶውስ በኩል የኤምኤስአይ ጥቅሎች ያለ መስኮት በጸጥታ ይጫናሉ፤ የሆነውን የሚናገሩት ሲጨርሱ በሚመልሱት ቁጥር ነው። 0 ተሳካ ማለት ነው። 3010 ተሳክቷል፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሣት አለበት ይላል፤ 1618 ደግሞ ሌላ ጭነት በመካሄድ ላይ ነው ማለት ነው። ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ ውድቀት አድርጎ የሚቆጥር ስክሪፕት በ3010 ያለ ምክንያት ሥራውን ያቋርጣል፤ ቁጥሩን ከነጭራሹ የማያይ ደግሞ የከሸፈውን እንደተሳካ ቆጥሮ ያልፋል።

ማርክ በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1993 በኦስሎ የጀመረው «ሲኤፍኤንጂን» ሌላ መንገድ ከፈተ፤ ፐፔትና አንሲብልም ተከተሉት። በእነዚህ መሣሪያዎች ዘንድ የሚጻፈው በዋናነት ኮምፒውተሩ በመጨረሻ ሊሆን የሚገባው ነው። መሣሪያው ያለውን ከተፈለገው አመሳክሮ የጎደለውን ብቻ ያሟላል፤ በትክክል ከተጻፈ አሥር ጊዜ ቢደገም የተጫነውን አያበላሽም።

በመልስ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ የይለፍ ቃል ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ኪክስታርትና ፕሪሲድ የተመሰጠረ ይለፍ ቃል ይቀበላሉ። የዊንዶውሱ ፋይል ግን በቀላሉ በሚገለበጥ ኮድ ብቻ ስለሚሸፍነው፣ ጭነቱ እንዳለቀ ፋይሉን መሰረዝና ይለፍ ቃሉን መቀየር ያስፈልጋል።