የደንገል ጀልባ በምን ይለካል? የጣና ታንኳና የሁለቱ «ራ» ጀልባዎች አሠራርና የጉዞ ብቃት

መግቢያ

የመካነ ሰላም ደጋ ወደ ምዕራብ ሲወርድ የሚያበቃው በዓባይ በረሃ ነው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከወሎ ወደ ጎጃም የሚሻገር መንገደኛ ወንዙን የሚያልፈው በዋና፣ አለዚያም በአየር የተነፋ ቆዳ ተደግፎ ነበር። በላይኛው የወንዙ ምንጭ፣ በጣና ሐይቅ ላይ ግን ሰውና ዕቃ የሚጓጓዘው ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች የሚመሠረቱት በአንድ መርህ ላይ ነው፤ የታፈነ አየር ክብደት ይሸከማል። የተነፋው ቆዳ አየሩን የሚይዘው በአንድ ከረጢት ሲሆን፣ ደንገል ግን በግንዱ ውስጥ ባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍተቶች ይይዘዋል። ስለዚህ ቆዳው ከተቀደደ በአንድ ጊዜ ይሰጥማል፤ ደንገሉ ግን ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። የሸራ ጀልባን ንድፍ ለመገምገም የሚያገለግሉት የታወቁ መለኪያዎች የጀልባው ክብደት እንደማይለወጥ ይገምታሉ። የደንገል ጀልባ ግን በጉዞ ላይ ሳለች ክብደቷም ቅርጿም ይለወጣል። ታዲያ ብቃቷ በምን ይለካል? ለዚህ ጥያቄ መልካም ማስረጃ የሚሰጡት ከጣና በተወሰደ ደንገል ተሠርተው አትላንቲክን ለማቋረጥ የሞከሩት ሁለቱ «ራ» ጀልባዎች ናቸው።

የታንኳዋ አሠራር

በጣና ዙሪያ ታንኳ በመሥራት ይበልጥ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ተጠብቆ እየታሰረ ይያያዛል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይቀለበሳል። በታንኳዋ ውስጥ ተጨማሪ የደንገል ንጣፍ ይደረጋል፤ ቀዛፊውና ጭነቱ ከውሃው ከፍ ብለው የሚቀመጡት በእርሱ ላይ ነው። ታንኳዋ በዘልማድ ሸራ የላትም፤ የምትሄደው በረጅም ዘንግ እየተቀዘፈች ነው።

የዚህ አሠራር ዋነኛ ባሕርይ ጀልባዋ ውሃ እንዳይገባባት የሚከለክል ቀፎ አለመኖሩ ነው። ውሃ በነዶዎቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣልም። ተሸክሞ የሚያቆማት ነዶው ራሱ ነው። በምሳሌ እናስላው፦ አንድ ሜትር ኩብ የታሰረ ደረቅ ደንገል 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ ድረስ 700 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል። ያው ነዶ 400 ኪሎ ግራም ውሃ ከጠጣ ግን የመሸከም አቅሙ ወደ 300 ይወርዳል። መጠኑ አልተለወጠም፤ አቅሙ ግን ከግማሽ በታች ሆኗል። ታንኳ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥታ በፀሐይ የምትደርቀው ስለዚህ ነው። ማድረቁ ከአሠራሩ የተለየ ተጨማሪ እንክብካቤ ሳይሆን የንድፉ አካል ነው።

ሁለት ጉዞዎች፣ አንድ ደንገል

ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ትችል እንደነበር በተግባር ለመፈተን ሲነሣ፣ ደንገል የሚያስፈልገውን ያህል ያገኘው ከጣና ነበር። የመጀመሪያዋ «ራ» በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ በመጡ ባለሙያዎች ተሠራች፤ ርዝመቷ 15 ሜትር ገደማ ነበር። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥታ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ፣ ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት መርከበኞቿ ጥለዋት ወጡ።

ሁለተኛዋ «ራ» በሚቀጥለው ዓመት ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል እዚያው ሳፊ ተሠራች። ሠሪዎቿ ግን በቦሊቪያ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ነበሩ። ርዝመቷ 12 ሜትር ነበር። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥታ በ57 ቀናት ውስጥ 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ሐምሌ 5 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ፍጥነት ያልለየው ልዩነት

ሁለቱን በፍጥነት እናወዳድር። ሁለተኛዋ «ራ» በአማካይ በቀን 107 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛለች። የመጀመሪያዋም ስምንት ሳምንት በሚጠጋ ጊዜ በቀን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳለች። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ከዚህም ፍጥነት ከፊሉ የጀልባዎቹ ሳይሆን ወደ ምዕራብ የሚፈሰው የውቅያኖስ ሞገድ ነው።

በዛሬው የሸራ ጀልባ ንድፍ ዘንድ፣ ውሃ እየገፋ የሚሄድ ጀልባ የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት በኪሎ ሜትር ሲሰላ በውሃው መስመር ላይ ያለው ርዝመቱ በሜትር ተወስዶ ካሬ ሥሩ በ4.5 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። የውሃ መስመሯ 9 ሜትር የሆነ ጀልባ በዚህ ስሌት 13.5 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች። የ«ራ»ዎቹ አማካይ ፍጥነት ከዚህ አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። በፍጥነት ብቻ ብንፈርድ ሁለቱም ደካማ ጀልባዎች ናቸው፤ አንዷ ለምን እንደደረሰች ሌላዋም ለምን እንደቀረች ግን ይህ መለኪያ አይነግረንም።

ልዩነቱ የተፈጠረው በአስተሳሰሩ ነው። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተቀለበሰው የኋላ ጫፍ እስከ ጀልባዋ ወለል የተወጠረ ገመድ ይታያል። በመጀመሪያዋ «ራ» ላይ ይህ ገመድ ጫፉን ቀልብሶ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም ያለው አልመሰለም ነበርና ቀረ። ማዕበል ሲመታ ግን የኋላው ክፍል የሚደግፈው አጥቶ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ውሃ ውስጥ የገባው ክፍል አብዝቶ ጠጣ፤ ሲጠጣ ከበደ፤ ሲከብድ ይበልጥ ሰመጠ። ነፋሱ የሚመታው የቀኝ ጎኗም እንዲሁ ከግራው ይልቅ በረታ ርሶ አዘነበለ። ገመዱ ጌጥ ሳይሆን ቀለበሱን እንደ ደጋን ወጥሮ የኋላውን ክፍል የሚያነሣ ኃይል እንደነበር የታወቀው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

የአይማራ ባለሙያዎች የሠሩት በሌላ ዘዴ ነበር። ሁለት ትላልቅ ጥቅል ነዶዎችን በመካከላቸው ካለው ቀጭን ነዶ ጋር ባልተቋረጠ ገመድ ጠምዝዘው አሰሩ። ገመዱ በተሳበ መጠን ሁለቱ ነዶዎች ወደ መካከለኛው እየተጠጉ አንድ አካል ሆኑ። በዚህ አሠራር አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ኃይል በመላው ጀልባ ይሰራጫል። ሁለተኛዋ «ራ»ም ውሃ ጠጥታ ዝቅ ብላ ነው የደረሰችው፤ ነገር ግን ቅርጿን አልለቀቀችም። ደንገሉ ከአንድ ሐይቅ ነበር፤ የተለየው እጁና እውቀቱ ነው።

ከዚህ የሚወሰድ መለኪያ

እንግዲህ የደንገል ጀልባን ለመገምገም ቢያንስ ሦስት ነገሮች በጊዜ ሂደት መለካት አለባቸው፦ በየቀኑ የምትጠጣው የውሃ መጠን፣ የፊትና የኋላ ጫፎቿ እንዲሁም ሁለት ጎኖቿ ከውሃ በላይ ያላቸው ከፍታ ልዩነት፣ እና የማሰሪያው ውጥረት። የመጀመሪያው ምን ያህል ቀን እንደምትንሳፈፍ፣ ሁለተኛው ሚዛኗ ወዴት እያደላ እንደሆነ፣ ሦስተኛው አንድ አካል ሆና መቆየቷን ያመለክታሉ። ሦስቱም በሜትር ገመድ፣ በሚዛንና በማስታወሻ ደብተር ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ጥናቱ ግን ብዙ የሚጠብቅ ጊዜ የለውም። የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ገደማ ተሠርቷል፤ በ1995 ዓ.ም. የውሃው ከፍታ በእጅጉ በቀነሰ ጊዜም የተራቆተው ዳርቻ ለእርሻ ዋለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ዳርቻ ወርሯል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ቢመዘገብም የደንገሉ ቦታ እየጠበበ ነው። ደንገል ሲጠብ ታንኳ የሚሠራው ሰው ይቀንሳል፤ ሠሪው ሲቀንስ ደግሞ የትኛው ገመድ ምን እንደሚሸከም የሚያውቀው ይጠፋል።

የመጀመሪያዋ «ራ» የከሰረችው ተመራማሪዎቹ በሥዕል ላይ እያዩት ትርጉሙን በማያውቁት አንድ ገመድ ምክንያት ነው። ያን ገመድ የሚያስረው የግብፅ ባለሙያ ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈውት ነበርና የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። የጣናን ታንኳ የሚሠሩት ግን ዛሬም አሉ። በመካነ ሰላምም ሆነ በባሕር ዳር የሚገኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከእነርሱ ዘንድ ሄዶ እያንዳንዱ እስር ለምን እንደታሰረ ቢጠይቅና ቢመዘግብ፣ ለወደፊቱ አጥኚ ከሥዕልና ከግምት የተሻለ ማስረጃ ያቆይለታል።