ፕሪንተርዎ በማን እጅ ነው? ብዙዎች ሳይቆልፉ የሚተዉት የቢሮ በር

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም፣ በአርግዊንግስ ኮድሄክ ጎዳና ዙሪያ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ቢሮዎች ተጎራብተው ይገኛሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ በአንድ ፕሪንተር የብዙ ሰው ምሥጢር ያልፋል፦ የፓስፖርት ቅጂ፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የኪራይ ውል።

የሠራተኞች ኮምፒውተሮች በይለፍ ቃል ይጠበቃሉ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ፕሪንተር ግን ከካርቶኑ እንደወጣ፣ ማንም ሳይነካው፣ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

ፕሪንተሩ የራሱ ገጽ አለው

ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ፕሪንተር አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። አብዛኞቹ በውስጣቸው የመቆጣጠሪያ ድረ ገጽ ይዘዋል። የማሽኑን የአይፒ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50፣ በብሮውዘር ላይ የጻፈ ሰው ገጹን ይከፍታል። አድራሻው በማሽኑ ስክሪን ላይ ወይም ማሽኑ በሚያትመው የኔትወርክ መረጃ ወረቀት ላይ ይገኛል።

ይህ ለባለቤቱ ምቹ ነው። ነገር ግን ገጹ ካልተቆለፈ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ እንግዳም ሊገባበት ይችላል። የኢሜይል አድራሻዎችን መመልከት፣ ስካን የተደረገ ሰነድ ወደ ሌላ ቦታ እንዲላክ ማድረግም ይቻለው ይሆናል።

ፋብሪካው የሰጠው የይለፍ ቃል

እአአ በ2025 ራፒድ ሰቨን የተሰኘው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በ689 የብራዘር ሞዴሎች ላይ የደኅንነት ክፍተቶች መገኘታቸውን ይፋ አደረገ። ከሁሉ የከፋው፣ ከፋብሪካ የሚመጣው የይለፍ ቃል ከማሽኑ መለያ ቁጥር ተነስቶ ሊሰላ መቻሉ ነበር። አስቀድመው የተመረቱት ማሽኖች በሶፍትዌር ማሻሻያ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይስተካከሉም። መፍትሔው ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ራሱ መቀየሩ ነው።

የይለፍ ቃል ብቻውን ግን አይበቃም። እአአ በ2018 አንድ ሰርጎ ገብ ለኢንተርኔት ክፍት በነበሩ 50 ሺህ ገደማ ፕሪንተሮች ላይ የዩቲዩበሩን የፒውዲፓይን ማስታወቂያ ማተሙን ተናግሯል። የተጠቀመው ወደ መቆጣጠሪያ ገጹ መግባትን በማይጠይቀው፣ 9100 በተባለው የኅትመት መስመር ነበር።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ በመቆጣጠሪያ ገጹ ረዥም፣ ሌላ ቦታ ያልዋለ የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ቀጥሎ ከአምራቹ የወጣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ካለ መጫን፣ እንደ ቴልኔትና ኤፍቲፒ ያሉ የማያስፈልጉ አገልግሎቶችንም መዝጋት ይገባል።

ገጹን በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ የይለፍ ቃሉ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ይረዳል። በዚህ ጊዜ ብሮውዘሩ ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፕሪንተሩ የምሥክር ወረቀቱን ለራሱ የሰጠ መሆኑ ነው። በራስ ቢሮ ውስጥ፣ አድራሻው ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ፣ መቀጠል ይቻላል። በማያውቁት ዋይፋይ ላይ ግን ማለፍ አይገባም።

ለደንበኞች ዋይፋይ የሚሰጡ ቤቶች የእንግዳውን መስመር ፕሪንተሩ ካለበት መለየት አለባቸው። በራውተሩም በኩል ፕሪንተሩን ከውጭ ኢንተርኔት እንዲታይ ማድረግ አይመከርም።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ወገኖች ተገቢ የጥበቃ እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ጥንቃቄው ማሽኑ ሲሸጥም አያበቃም። በአሜሪካ አፊኒቲ ሄልዝ ፕላን የተባለው የጤና መድን ድርጅት የተከራያቸውን ኮፒ ማሽኖች ሃርድ ዲስካቸውን ሳያጸዳ መለሰ። የታካሚዎች መረጃ በውስጣቸው በመገኘቱም እአአ በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

ያገለገለ ማሽን ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ገበያ፣ ከመሸጥ በፊት በዚያው መቆጣጠሪያ ገጽ ወይም በማሽኑ ስክሪን የተከማቸውን መረጃ ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን የሰጠው ደንበኛ ግን ይህ መደረጉን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም፤ አደራው የባለ ማሽኑ ነው።