የደማችን ብረት
ደብረ ብርሃን ሥጋ ቤት ገብተው ቁርጥ ሲያዙ ቢላዋውን ይከተሉ። ከሽንጡ ውስጥ አሁን የተቆረጠው ገጽ ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ነው። ሳህን ላይ ጥቂት ሲቆይ ደምቆ ይቀላል። አየር አገኘ ማለት ነው። ቀለሙን የሚለውጠው በሥጋው ውስጥ ያለው ብረት ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመው የደማችን ሄሞግሎቢንም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ብረት ነው።

አንዱ የሄሞግሎቢን ሞለኪውል አራት የብረት አተሞች አሉት። ኦክስጅን ባልያዘው ብረት ላይ ካሉት ስድስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ሁለቱ እንደ በሬ ተጠምደዋል፤ አራቱ ለየብቻ ናቸው። ኤሌክትሮን ስፒን በሚባለው ባሕርዩ ትንሽ ማግኔት ነው። የተጠመዱት ተቃራኒ ስለሆኑ ይጠፋፋሉ፣ ብቸኞቹ ግን ይደመራሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑን የለቀቀ ሄሞግሎቢን በማግኔት ይሳባል። ኦክስጅን ሲይዝ ሳይጠመድ የሚቀር ኤሌክትሮን ስለሌለ መሳቡ ይጠፋል። ኬሚስቶቹ ሊነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርዬል ይህን ለክተው ያሳወቁት በ1936 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሚከተለው ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሳይጠመዱ ብረቱ ሰፋ ስለሚል ከታቀፈበት የአተሞች ቀለበት ቀዳዳ አይገባም፤ ወጣ ብሎ ይቀመጣል። ሲጠመዱ ይጠብና ወደ ውስጥ ይገባል። የሚሄደው መንገድ አንድ ሚሊሜትር ለ25 ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ያህል ነው፤ ሆኖም የተያያዘውን ፕሮቲን ስቦ ያንቀሳቅሳል፣ የቀሩት ብረቶችም ኦክስጅን ለመያዝ ይቀላቸዋል። አንዱ ከያዘ ሌሎቹ ይከተሉታል።

ብረቱ የሚይዘው ኦክስጅን ግን ከፍ ባለ ቦታ ያንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሦስት አሥረኛ ገደማ ያንሳል። ከዚህም ከፍ ብሎ፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ተለክቶ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ ካሉ ሰዎች እምብዛም አልበለጠም፤ የኦክስጅን ሙሌቱም፣ ማለትም ኦክስጅን የያዘው የሄሞግሎቢን ድርሻ፣ 95 በመቶ ገደማ ነበር።

ይህን ብረት የሚያታልል ነገር ግን በየቤታችን አለ። ብርዱ ሲጠና በር ዘግተን ከሰል እናነዳለን፤ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም ብለንም ማንደጃውን መኝታ ቤት እናስገባለን። ፍሙ ግን ሽታም ጭስም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ የብረቱን ስድስት ኤሌክትሮኖች ጠምዶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠበቀ ነው። የቀሩት ብረቶችም የያዙትን ኦክስጅን ለሰውነት በቀላሉ አይለቁም። ደሙ ግን እንደ ጤነኛ ደም ቀይ ነው። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የተለመደችው የኦክስጅን መለኪያም በቀለሙ ተታላ ደህና ቁጥር ታሳያለች።

ከሰል ያፈነውን ሰው ደጅ አውጥቶ መተው አይበቃም። ንጹሕ አየር እየሳበ ግማሹ ጋዝ ከደሙ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።