ስለ ተምች ተፈጥሮና ስለ ሁለቱ መልኩ

በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ ተምች የሚባለው ሳርንና የሳር ወገን የሆነውን እህል የሚያጠፋ ትል ነው። ስሙም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፤ በትንቢተ ኢዩኤል ውስጥ፤ ከአንበጣ፤ ከደጎብያና ከኩብኩባ ጋር ተቈጥሮ ይገኛል። ትናንት ለምለም የነበረው ማሳ ዛሬ በጥቁር ትል ተሸፍኖ ስለሚታይ፤ ትሉም ከጥቂት ቀን በኋላ ደብዛው ስለሚጠፋ፤ ከዝናቡ ጋር ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ይህ አሳብ እንዲያው ከተረት የሚቈጠር አይደለም፤ የተምች አኗኗር ሲመረመር በውስጡ እውነት እንዳለበት ይገለጣል።

ተምች ሌሊት የሚበር የእሳት እራት ልጅ ነው። በሳይንስ ስፖዶፕተራ ኤግዜምፕታ ይባላል፤ ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1856 የገለጠው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ዎከር ነው። ሴቲቱ በዕድሜዋ እስከ 1000 የሚደርስ እንቍላል በቅጠል ላይ ከምራ ትጥላለች። እንቍላሉ ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ትሉም ከ2 እስከ 3 ሳምንት በ6 ደረጃ ካደገ በኋላ አፈር ውስጥ ገብቶ፤ ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ ጥቂት ቀን ቈይቶ፤ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። ምግቡ የግጦሽ ሳር፤ ጤፍ፤ በቆሎ፤ ማሽላ፤ ገብስና ስንዴ ነው፤ ባቄላንና አተርን በአብዛኛው አይነካም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ሁለት መልክ ያለው መሆኑ ነው። ትሉ በአንድ ስፍራ ጥቂት ሲሆን መልኩ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፤ በሳሩ ሥር ተደብቆ በዝግታ ስለሚኖር ማንም ልብ አይለውም። ሲበዛና እርስ በርሱ ሲነካካ ግን ይጠቍራል፤ በፀሐይም ወደ ሳሩ ጫፍ ወጥቶ ይበላል፤ ምግቡን ሲጨርስ በሠራዊት ይጓዛል። ሁለቱ መልኮች የአንድ ዝርያ መሆናቸውን በደቡብ አፍሪካ ፎሬ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1943 በጽሑፍ አስረድቷል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1921 ኡቫሮቭ ስለ አንበጣ ተመሳሳይ ነገር ገልጦ ነበር።

እንግዲህ ተምች በበጋ ወራት ከቶ አይጠፋም፤ በኬንያና በታንዛኒያ ዝናብ በማያጡ ስፍራዎች በጥቂቱ ተበትኖ ይቈያል። ዝናም ሲጀምር ይራባል፤ ከዚያም የእሳት እራቱ ሌሊት ሌሊት በነፋስ እየተረዳ ሩቅ ይጓዛል። የዝናም ደመና የሚያስነሣቸው ነፋሳት ሲገናኙ የተበተነውን መንጋ ሰብስበው በአንድ ስፍራ ያወርዱታል፤ ሴቶቹም በዚያው እንቍላል ይጥላሉ። ወረርሽኙ በዚህ ዓይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ወደ ኢትዮጵያ፤ አልፎም ወደ የመን ይደርሳል። ስለዚህ ተምች ከዝናም ጋር መጣ የሚል ገበሬ አልተሳሳተም፤ የወረደው ግን ትሉ ሳይሆን እናቱ ናት።

ይህን ማወቅ ለእህሉ መዳን ይጠቅማል። ትሉ አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ስለሆነ፤ ጥቁሩ ሠራዊት በታየ ጊዜ ለመከላከል የሚቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጥበቃው ከእሳት እራቱ መጀመር አለበት። የሴቲቱን ሽታ አስመስሎ በተሠራ ቅመም ወንዱን የሚስብ ወጥመድ ይተከላል፤ የተያዘው ተቈጥሮ ከዝናቡ ጋር ሲነጻጸር አደጋው አስቀድሞ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ሌላ ዝርያ በኢትዮጵያ ታይቶ መጤ ተምች ተብሏል። እርሱ በተለይ በበቆሎ እምብርት ውስጥ ተደብቆ የሚበላ ነው፤ ሁኔታው ሲስማማውም ዓመቱን ሙሉ ይራባል። አንዱ ነፋስንና ዝናምን መጠበቅን፤ ሌላው በቆሎን በየጊዜው ገልጦ መመልከትን ይሻል። ሁለቱም ተምች ስለ ተባሉ ጥበቃቸው አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፤ በስም ስሕተት እህሉን ያጣል።