ከጄዳይ በፊት የነበረው ፈረሰኛ

ልጆችዎ የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞችን ካዩ፣ በመጥረጊያ እንጨት ሳሎን ውስጥ ሲፋለሙ ሳያገኟቸው አልቀሩም። በፊልሞቹ ውስጥ ጄዳይ የሚባሉት ተዋጊዎች ከጠላት ጣቶች የሚፈልቀውን መብረቅ ይመክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ክፍል ኦቢ ዋን መብረቁን በብርሃን ሰይፉ ሲያስቆመው፣ ድንክዬው ሽማግሌ ዮዳ ደግሞ በባዶ መዳፉ ይመልሰዋል።

ልጅዎ «እኛ አገርስ እንዲህ ዓይነት ጀግና አለ?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለታል? አለ። የእኛው ግን የሚገኘው ብራና ላይ ነው።

ስሙ ጋሻ የሆነ ጀግና

ጀግናው ሱስንዮስ ይባላል፤ ከንጉሡ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር እንዳይምታታብዎ። በክታብ ላይ የሚጻፈው ታሪክ እንዲህ ይላል። ሱስንዮስ ሚስት አግብቶ ወንድ ልጅ ወለደ። ውርዝልያ የምትባል ክፉ መንፈስ ያደረባት ሴት ገብታ ሕፃኑን ገደለችበት። እናት ስትጮህ የሰማው አባት ፈረሱን ጭኖ፣ ጦሩን ይዞ ፍለጋ ወጣ። አንዲት አሮጊት የገባችበትን የአትክልት ስፍራ ጠቆመችው። ከፈረሱ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ጸለየ፤ ከዚያም ጎኗን በጦር ወጋት። ውርዝልያም ስሙ በሚጠራበት ቦታ ዳግመኛ እንደማትደርስ በሰባቱ ሊቃነ መላእክት ስም ማለች።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ይሆናል፣ ከታሪኩ ሁሉ ያስገረመኝ መሐላው ነው። ፈረሰኛው ራሱ በየቤቱ መገኘት አያስፈልገውም፤ ስሙ ብቻ በቂ ነው። ክታቡም የሚጻፈው ለዚሁ ነው።

ብራና የሚያውቅ አገር

ክታብ ግእዝ የሚያነብ፣ ብራና የሚፍቅና ቀለም የሚበጠብጥ ሰው ይፈልጋል። ምሥራቃዊው የደቡብ ጎንደር ክፍል ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለም። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ ምስክር ቤቶች ናቸው። ከስማዳም ሆነ ከእስቴ፣ ከዚያም ከራቀ አገር የመጣ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ በእነዚህ ጉባኤዎች ደጃፍ ዓመታት ያሳልፋል። ክታብ መጻፍ የጉባኤው ትምህርት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም አይደግፉትም። ሆኖም በደጋው አገር ከተማሩት ደብተሮች አንዳንዶቹ ለጨነቃት እናት በግል ይጽፉላት ነበር።

መከላከያው እንዴት ይሠራል?

የፊልሙ ጄዳይ አንድ ሰይፍ ይዞ ይገባል፤ ክታብ ግን ጋሻውን ይደራርባል። መጀመሪያ ልኩ አለ። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የሚዘጋጀው ጠባብ ብራና በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጠላል፤ ከራስ እስከ እግር ሳይሸፈን የሚቀር እንዳይኖር ነው። ቀጥሎ ዓይን አለ። ጠልሰም በሚባሉት ሥዕሎች ላይ ትልልቅ ዓይኖች አፍጥጠው ይታያሉ። ቡዳ በዓይን ይበላል ተብሎ ስለሚታመን፣ ክታቡም ዓይንን በዓይን ይመልሳል። ዮዳ መብረቁን በመዳፉ እንደመለሰው መሆኑ ነው። ሌላው መረቡ ነው፤ «መርበብተ ሰሎሞን» በሚባለው ጸሎት ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ ያጠምዳል። በመጨረሻም የባለቤቷ የክርስትና ስም ይገባል፤ ጋሻው ለማን እንደተሠራ እንዲታወቅ።

ጥቃቱ ግን እውነት ነበር

እዚህ ላይ ታሪኩ ተረት ብቻ መሆኑ ያበቃል። ውርዝልያ ሕዝቡ «ሾተላይ» ከሚላት መንፈስ ጋር አንድ ተደርጋ ትታያለች። ሾተላይ ማለት አንዲት እናት በተከታታይ እየወለደች ልጆቿን የምታጣበት መከራ ነው። ዛሬ ሐኪሞቻችን ይህንኑ ቃል ይዘው ምክንያቱን ያብራሩልናል።

የእናት ደም አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው አር ኤች ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በወሊድ ወቅት የሕፃኑ ደም ወደ እናትየው ይገባል። ሰውነቷም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያመርትበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይወለዳል። በሚቀጥለው እርግዝና ግን ያ መከላከያ ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ጠላት ሲፈለግ የኖረው በጎረቤት ዓይን ነበር፤ ነገሩ ግን የእናት ሰውነት የራሱን ልጅ አለማወቁ ነው።

ለዚህ ጥቃትም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ጋሻ አለ፤ አንቲ ዲ የተባለ መርፌ። በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ፣ ሕፃኑ አር ኤች ፖዘቲቭ ከሆነም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። የሚሠራውም የእናት ሰውነት መከላከያ ማምረት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መከላከያው አንዴ ከተመረተ መርፌው አያጠፋውም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከሆኑ በመጀመሪያው የክትትል ቀን የደም ዓይነትዎን ያስመርምሩ። ፅንስ ካስወረደዎትም ለሐኪም መንገርዎን አይርሱ፤ ያኔም መርፌው ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ለልጅዎ ምን ይንገሩት?

ታሪኩን ሙሉውን ይንገሩት፤ ፈረሱን፣ ጦሩን፣ አሮጊቷን ሁሉ። አያቱ ከኖሩ እሳቸው ቢያወሩት ይሻላል። አዲስ አበባ ካሉ፣ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ክታብ ሊያሳዩት ይችላሉ። ቤት ውስጥ የቆየ ክታብ ካለም ለማንም መንገደኛ አይሽጡት።

አንድ ነገር ግን ይጨምሩለት። ሕፃን በሞተ ቁጥር ጣት ሲቀሰር የኖረው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በሸማኔው ላይ ነበር፤ «ቡዳ» እየተባሉ ከሰው ተገልለዋል። እነሱ ግን በልጁ ደም ውስጥ የሚሆነውን አያውቁትም፤ እጃቸውም የለበትም። ሱስንዮስ ጦሩን ይዞ የወጣው ልጁን የገደለበትን ለይቶ ለማግኘት ነው። ዛሬ ያንን የሚለየው ጥቂት የደም ጠብታ ነው።