ኩርሽም የሚለው የታይላንድ ዶሮ በደሴ ምድጃ

ልጆቻችሁ «ክሪስፒ ቺክን» እያሉ መወትወት ከጀመሩ ሰነባብተው ይሆናል። ቤተሰብ ይዞ ወጥቶ ለአምስት ሰው ማዘዝ የወር ወጪያችሁን እንዴት እንደሚያናጋም አትጠፋችሁም። ቤት ውስጥ የሞከራችሁ ደግሞ አላችሁ፤ በስልክ ያያችሁትን አሠራር አንድ በአንድ ተከትላችሁ፣ ከላይ የጠቆረ፣ አጥንቱ አጠገብ ግን ገና ደም ያለው ዶሮ ወጣላችሁ። ከእጃችሁ ሙያ ይልቅ የከተማችሁን ከፍታ ጠርጥሩ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንስና መፍያው 94 ይጠጋል። ዘይቱ ለከፍታ ደንታ የለውም፤ 175 ዲግሪ የትም 175 ነው። ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ቶሎ ይተናል። ስለዚህ የዶሮው ውጭ በፍጥነት ደርቆ ይጠቁራል፣ ውስጡ ደግሞ ቀስ ብሎ ይበስላል። መፍትሔው ዘይቱን ማብረድና ጊዜውን ማስረዘም ነው፤ አሠራሩ 175 ካለ ደሴ ላይ ወደ 160፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 165 አውርዱት።

ከብዙ ዓይነት የዶሮ ጥብስ የታይላንዱን የመረጥኩላችሁ ቅመሙ አብዛኛው ከጓዳችሁ ስለማይጠፋ ነው። በአገሩ «ጋይ ቶድ» ይባላል፤ ጋይ ዶሮ፣ ቶድ ደግሞ በዘይት የተጠበሰ ማለት ነው። ስሙ የገነነው በደቡብ ታይላንድ ሶንግክላ ግዛት ያለችው የሀት ያይ ከተማ ዶሮ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ድምብላል፣ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ አብረው ተወቅጠው ይለውሱታል፤ ሲቀርብ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሻሎት ይነሰነስበታል። ሻሎት ምንድን ነው ብላችሁ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት አትንከራተቱ። ያቺ ትንሿ፣ ለመላጥ የምታስለቅሰን የሐበሻ ሽንኩርት ራሷ ናት።

ዶሮው ላይ ግን ልምዳችንን ትንሽ መለወጥ ይኖርብናል። ለወጥ የሚመረጠው የጠና የሐበሻ ዶሮ በዚህ አሠራር እንደ ጫማ ቆዳ ይሆናል። ቄብ ወይም ለሥጋ የረባ የፈረንጅ ዶሮ ፈልጉ። የጠና ብቻ ካገኛችሁ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ባለው ውሃ ቀቅላችሁ ለስለስ ሲል አውጡት፤ አድርቃችሁ ከዚያ ጥበሱት። ቆዳውን ደግሞ አትግፈፉ፤ ኩርሽም የሚለው እሱ ነው። እጥበቱስ? በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የቤታችን ክብር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን የቧንቧ ውሃ ከላይ ሲለቀቅበት ጀርሙ ወደ ሰሃኑና ወደ ሰላጣው ይረጫል። ካጠባችሁ በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እጠቡ፤ ገንዳውንና እጃችሁን በሳሙና አጽዱ፤ ከዚያ ዶሮውን ጠብ የሚል ውሃ እስኪጠፋ በወረቀት አድርቁት። እኛ ማርኬቲንግ ላይ ያለን ሰዎች «ክሪስፒ» የምትለዋን ቃል በማስታወቂያ አሰልችተናታል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ላዩ ላይ ውሃ የቀረበት ዶሮ ኩርሽም አይልም።

ለአንድ ዶሮ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የታመሰ ድምብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ (ነጩ ቢገኝ ይመረጣል)፣ ከተገኘም እፍኝ የድምብላል ቅጠል ከነግንዱ በሙቀጫ ውቀጡ። ታይላንዶች የዓሣ ሶስ ይጨምራሉ፤ በእሱ ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ ዶሮውን ለውሱና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ቢቸኩላችሁ ከ4 ሰዓት አታሳንሱ።

ሊጡ የሩዝ ዱቄት ነው። የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው ግሉተን ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፤ ሩዝ ይህ የለበትም። የፎገራ ሩዝ ለእንጀራ የሚያስፈጩ ቤቶች ዱቄቱ በእጃቸው አለ፤ ወፍጮ ቤት ስትልኩ ግን ከእናንተ በፊት በርበሬ አለመፈጨቱን አስጠይቁ። 1 ኩባያ የሩዝ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ የስንዴ ዱቄትና ቁንጥር ጨው በቀዝቃዛ አምቦ ውሃ በጥብጡ፤ ከእንጀራ ሊጥ ቀጠን ይበል። እንቁላልም ወተትም የሌለበት ስለሆነ በጾም ቀን አበባ ጎመንና ድንች በአዲስ ዘይት ልትጠብሱበት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ምድጃው። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። ልጆችን ከአካባቢው አርቁ፤ እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍታችሁ ክደኑት እንጂ ውሃ እንዳታፈሱበት። በመጀመሪያ በስሱ የተከተፈውን የሐበሻ ሽንኩርት በዝግታ ጥበሱና ገና ወርቃማ ሳለ አውጡት፤ ከወጣ በኋላም መጥቆሩን ይቀጥላል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጠብታ ሊጥ ጣሉ፤ ሰምጣ ቀስ ብላ ከተነሣች ለመጀመሪያው ዙር ደርሷል፣ ወዲያው ተንሳፍፋ ከተንጫጫች ገና ማብረድ አለባችሁ። ዶሮውን ሳታጨናንቁ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ጥበሱ፣ አውጥታችሁ 10 ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ እሳቱን ጨምራችሁ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ መልሱት። ከታፋው አጥንት አጠገብ ስትወጉት ፈሳሹ ጥርት ማለት አለበት፤ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 74 ዲግሪን ይጠብቅ።

ወሎ ውስጥ ግን ከአሠራሩ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ማን አረደው? ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት ስትጋብዙ ለእሱ የሚሆነውን ዶሮ የእምነቱ ተከታይ እንዲባርከው ማድረግ እናቶቻችን የኖሩበት ወግ ነው። ጥብስ ላይ ዘይቱም ይታሰብበት። ሁለቱ ዶሮዎች በአንድ ዘይት ከተጠበሱ መለየታቸው ምን ዋጋ አለው? የእንግዳው በአዲስ ዘይት፣ በተለየ ድስትና በተለየ መቆንጠጫ ይሠራ፤ ይህንኑም ሳይጠየቅ ንገሩት። ሶይ ሶሱንም ጠርሙሱ ላይ አንብቡ፤ አንዳንዱ አልኮል ይጨመርበታል።

ዘይት ውድ ነውና ሲበርድ አጥልላችሁ አንዴ ወይም ሁለቴ ብትደግሙት ችግር የለውም። ከጠቆረ፣ አረፋ ካበዛ ወይም ሳይግል መጨስ ከጀመረ ግን ይበቃዋል። ማጥቀሻውን ከ3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ከ3 ማንኪያ ስኳር፣ ከተከተፈ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጋር ማር እስኪመስል አፍሉት፤ መጨረሻ ላይ ሎሚ ጭመቁበት። በአገሩ የሚበላው ከሚጣበቅ ሩዝ ጋር ነው፤ የእኛ ሩዝም ያስኬዳል። የተጠበሰውን ሽንኩርት ብቻ እስከ ማቅረቢያው ሰዓት ደብቁት፤ ዶሮው ጠረጴዛ ሳይደርስ ልጆች ይጨርሱታል።