ኦስኪ፦ መምህሩንም የሚፈትን ፈተና

የነርሲንግ ተማሪን ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳው ፈተና ወረቀት ላይ የሚሠራው አይደለም፤ ኦስኪ (OSCE) የሚባለው የተግባር ፈተና ነው። ስኪል ላቡ ወይም ባዶ የሆነ ዋርድ በመጋረጃ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍልፋይ ስቴሽን ይሆናል። አንዱ ጋ የደም ግፊት ይለካል፣ ሌላው ጋ ቁስል ይጠረጋል፣ ወዲያ ደግሞ መተንፈስ ያቃተው ጨቅላ በአምቡ ባግ ይረዳል። ጨቅላው አሻንጉሊት ነው። ደወል ሲደወል ተማሪዎቹ በየስቴሽናቸው ይገባሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲደገም ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ፈታኙ ቼክሊስቱን ይዞ ቆሟል፤ ያያል፣ ምልክት ያደርጋል፣ አይናገርም።

አሠራሩን የቀየሰው በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሃርደን ነው። ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሲያሳትመው የታሰበው ለሕክምና ተማሪዎች ነበር፤ ነርሶችና አዋላጆች የወሰዱት ኋላ ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው የደረሰውን በሽተኛ መርምሮ ለፈታኙ ያስረዳ ነበር። ቀላል ሕመም የደረሰው ያልፋል፤ የተወሳሰበ የገጠመው፣ ወይም ፊቱን አኮሳትሮ የመጣ ፈታኝ የደረሰበት፣ ይወድቃል። በኦስኪ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ መስፈርት ይሠራል። በሽተኛ ሆኖ የሚተኛውም ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሰው ነው። ጤነኛን ሰው ሕመምተኛ ሆኖ እንዲተውን ማሠልጠን የጀመረው ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በሎስ አንጀለስ። አንድን አልጋ ብዙ ተማሪ በሚከብበት ሆስፒታል ይህ ለበሽተኛውም እፎይታ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ያለው ከፈተናው ቀን በፊት፣ መምህራኑ ቼክሊስቱን ለመጻፍ በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የደም ግፊት መለካትን እንውሰድ። ቀላል ይመስላል። ታካሚው ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ማረፍ አለበት የሚል መምህር አለ፤ ሌላው ይህን አስተምሮ አያውቅም። ክንዱ በልብ ትክክል መደገፉ ነጥብ ይኑረው? ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ቢታሰር ልኬቱ ከእውነተኛው ከፍ ይላልና መጠን መምረጡ ይቆጠር? አየሩ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እየወረደ እንዲለቀቅ የሚጠብቅ አለ፤ «ቀስ ብሎ» ካለ ይበቃል የሚልም አለ። በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት የተለያየ ነገር ሲያስተምሩ እንደኖሩ እዚያ ይገባቸዋል። ክርክሩ ይጋጋላል፤ መጋጋሉም ደግ ነው። በኛ አገር ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚሰጠው ኤችዲፒ (የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም) የማስተማር ዘዴን ያሠለጥናል፤ ካቴተር እንዴት እንደሚገባ ግን ሁለት ነርሶችን አያስማማም። ያንን ሊያደርጉ የሚችሉት ራሳቸው ብቻ ናቸው።

ኦስኪ እንከን የለሽ አይደለም። «እጄን ታጠብኩ» ብሎ ውኃ ሳይነካ ነጥቡን የሚወስድ ብልጥ አይጠፋም። መስመሩን ሁሉ አሟልቶ የታካሚውን ፊት አንዴ እንኳ ሳያይ የሚወጣም አለ። ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከዝርዝሩ ጎን ፈታኙ የተማሪውን አጠቃላይ ብቃት የሚመዝንበት ነጥብ ጨምረዋል። ይህ ደግሞ ልምድ ያለው ዓይን ይጠይቃል። ከፍተኛ ውጤት በማምጣቱ ከምርቃት በቀጥታ ለማስተማር የቀረ፣ ዋርድ ውስጥ አዳር ገብቶ የማያውቅ ወጣት መምህር፣ የሠለጠነን እጅ ካልሠለጠነው በምን ይለየዋል? በኔ እምነት መፍትሔው ሌላ ሥልጠና ሳይሆን፣ መምህሩ በሳምንት የተወሰነ ቀን ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ እንዲያስታምም በሥራ ድልድሉ ላይ መጻፍ ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም፤ መምህራኑ ቀኑን ሙሉ ቆመው ይውላሉ። ያን ያህል ተለፍቶበት ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ የተሞላው ቼክሊስት ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፉ ያናድዳል። ከመቶ ተማሪ ሰማንያው አንዱን መስመር ከሳተ፣ የሳተው ተማሪው ብቻ አይደለም። ያንን መስመር ማን፣ መቼ፣ በስንት ሰዓት ልምምድ እንዳስተማረው የሚጠየቀው የቀጣዩ ሴሚስተር ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ነው።